የዊልሰን በሽታ፦ ከፔኒሲላሚን ወደ ዚንክ ከተዛወረ በኋላ ኤኤልቲ ለምን ወጣ?

ጠያቂ (ጤና መኮንን)፦ ጤና ይስጥልኝ። የዊልሰን በሽታ (በዘር የሚወረስ፣ መዳብ በጉበት የሚጠራቀምበት) ያለበት የ14 ዓመት ልጅ፣ 42 ኪሎ። ሁለት ዓመት ፔኒሲላሚን (መዳብን ይዞ በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት) ወስዶ ጉበቱ ሲረጋ ወደ ዚንክ ተዛወረ፤ አሁን ሰባተኛ ወሩ ነው። ኤኤልቲ (ጉበት ሲጎዳ በደም ውስጥ የሚጨምር ኢንዛይም) ከ35 ወደ 98 ወጥቷል፣ የ24 ሰዓት ሽንት መዳብ 160 ማይክሮ ግራም ነው። ባለ 220 ሚሊ ግራም ዚንክ ሰልፌት ካፕሱል ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ይወስዳል፤ ስለሚያቅለሸልሸው ከምግብ ጋር ነው የሚሰጠው። መጠኑ አንሶ ይሆን? ካፕሱሉ ሲጠፋስ የሕፃናት ተቅማጥ ባለ 20 ሚሊ ግራም ዚንክ ይተካዋል?

ፋርማሲስት፦ መጠኑ አላነሰም። 220 የጨዉ ክብደት ነው፤ ውስጡ ያለው ዚንክ 50 ሚሊ ግራም ነው፣ ስለዚህ በቀን 100 እየወሰደ ነው። ከ50 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ የተለመደው 25 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ነው፤ ለአዋቂ 50 ሦስት ጊዜ።

እኔ የምጠረጥረው ሰዓቱን ነው። ዚንክ መዳብን ራሱ አይዝም። የአንጀት ሴሎች ሜታሎታዮኒን የሚባል ፕሮቲን እንዲያመርቱ ያደርጋል፤ መዳቡን የሚይዘው ይህ ፕሮቲን ነው፤ ሴሎቹ በጥቂት ቀናት ሲረግፉ መዳቡ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። ከእንጀራ ወይም ከዳቦ ጋር ሲዋጥ ግን በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ዚንኩን ስለሚያስረው ወደ ሴሎቹ የሚገባው ጥቂት ነው። ከምግብ 1 ሰዓት በፊት ወይም ከ2 ሰዓት በኋላ፣ በውኃ ብቻ ይውሰድ፤ በቡናም በወተትም አይሁን።

ማቅለሽለሹ የሚብሰው በጠዋቱ ነው፤ እሱን በቁርስና በምሳ መካከል ያድርጉት። እንዲያም ካስቸገረ እህል ሳይጨመር በትንሽ ሥጋ ይዋጥ። ዚንክ አሲቴት ከተገኘ ለሆድ ይቀላል።

ባለ 20ው ላይ የተጻፈው የዚንኩ የራሱ መጠን ነው፤ ሦስቱ 60፣ አራቱ 80 ይሆናሉ። ካፕሱል በጠፋበት ሳምንት መድኃኒት ከማቋረጥ እጅግ ይሻላል፣ ሐኪሙ ይወቀው እንጂ።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦ በዚያው የ24 ሰዓት ሽንት ዚንክም ይለካ። ከ2 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ መድኃኒቱ አልተወሰደም ወይም ሰውነት ውስጥ አልገባም ማለት ነው። የመጀመሪያው የጠዋት ሽንት ይደፋል፤ ከዚያ እስከ ማግስቱ ተመሳሳይ ሰዓት ያለው ሁሉ፣ የማግስቱ የጠዋት ሽንት ጭምር፣ በአሲድ በታጠበ ፕላስቲክ ዕቃ ይጠራቀማል። ብረት ነክ ዕቃ ውጤቱን ያበላሻል።

የጉበት ሐኪም፦ በዚንክ ላይ ያለ ሰው የሽንት መዳብ ከ75 ማይክሮ ግራም በታች እንዲሆን እንፈልጋለን፤ 160 ችላ የሚባል አይደለም። የሽንት ዚንኩ ዝቅ ካለ ሰዓቱን አስተካክለው ኤኤልቲን ቶሎ ቶሎ ይከታተሉ። ዚንኩ በቂ ሆኖ መዳቡና ኤኤልቲ ካልወረዱ ዚንክ ብቻውን አልበቃውም፤ ወደ ፔኒሲላሚን ይመለስ ወይም ትራየንቲን (እሱም መዳብ አስወጪ ነው) ይጀምር። ዚንክና ፔኒሲላሚን አብረው ከታዘዙ በተለያየ ሰዓት ይሰጡ፤ አንድ ላይ ከተዋጡ ፔኒሲላሚኑ ዚንኩን ይይዘውና ሁለቱም ይባክናሉ።

ተቃራኒውንም አይርሱ፦ የሽንት መዳብ በጣም ወርዶ ነጭ የደም ሴልና ሄሞግሎቢን ከቀነሱ መዳብ አጥሮታል፣ መጠኑ ይቀነስ። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም አይኤንአር (የደም መርጋት መለኪያ) ከወጣ ግን የሽንት ውጤት ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ሪፈር ያድርጉት። ወንድም እህቶቹም ይመርመሩ፤ እያንዳንዳቸው በሽታው ሊኖርባቸው ከ4 አንድ ዕድል አላቸው፣ ምልክት ሳይታይ ከተገኙ ዚንክ ብቻውን ሊበቃቸው ይችላል።