ድምፄን ሥራ ለማድረግ ከየት ልጀምር?

የጀሞዋ

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ መሥሪያ ቤት የደንበኞች ስልክ ጥሪ ክፍል ስሠራ አምስት ዓመት ሆነኝ። ደዋዮች «ሬዲዮ ላይ ነው እንዴ የምትሠሪው?» ይሉኛል። መጀመሪያ እንደ ምርቃት ተቀብዬ አልፈው ነበር፤ አሁን ግን ነገሩ ውስጤ ገብቷል። መደበኛ ሥራዬን ሳልለቅ ማታ ማታና ቅዳሜ ማስታወቂያና ትረካ በግሌ መሥራት እፈልጋለሁ።

15,000 ብር አጠራቅሜአለሁ። ማይክራፎን ልግዛበት ወይስ ሥልጠና ልግባበት? የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ቆራሌው ይጣራል፣ ልጆች ደረጃው ላይ ይሯሯጣሉ። ለአንድ ማስታወቂያስ ስንት ይጠየቃል? ኮምፒውተር ጽሑፍ በሚያነብበት በዚህ ዘመን መጀመሬስ ዘግይቶ ይሆን?

የቀረጻ ባለሙያ

እህቴ፣ ገንዘቡ ለጊዜው ይቀመጥ። መጀመሪያ ክፍልሽን አድምጪ። ግድግዳው ባዶ በሆነ ሳሎን ውስጥ ውድ ማይክራፎን ብታስቀምጪ የሚቀዳልሽ ማስተጋባቱን ነው፤ ያውም አጥርቶ። ማይክራፎኑ ወደ አንቺ ስለሚዞር ከጀርባሽ ያለው ግድግዳ ከፊትሽ ካለው ይበልጥ ያስቸግራል። ስለዚህ ወፍራም ብርድ ልብስ ከኋላሽ ስቀይ፤ ልብስ የሞላበት ቁም ሳጥን ካለሽ ከፍተሽ ፊትሽን ወደ እርሱ አድርጊ። ማይክራፎኑን ከአፍሽ አንድ ስንዝር አርቀሽ ትንሽ ወደ ጎን አዙሪው፤ «ጳ» እና «ፓ» ስትዪ የሚወጣው ትንፋሽ በቀጥታ አይመታውም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከኮምፒውተር ጋር በቀጥታ የሚገናኝ የዩኤስቢ ማይክራፎን ይበቃሻል። ኦዳሲቲ የሚባለው የቀረጻ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። የፕሮግራሙን የቀረጻ ጥራት 48 ኪሎኸርዝና 24 ቢት ላይ አድርገሽ ቅጂና ለደንበኛው ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው በዌቭ ፋይል ላኪ፤ ድምፁን የሚጨምቀው ኤምፒ3 ለናሙና ብቻ ይሁን።

የድምፅ ሠራተኛ

የምነግርሽ ዘጠኝ ዓመት እንጀራ የበላሁበትን ሥራ ነው። ረዘም ቢል ታገሺኝ።

ድምፁ የሚያምር ሰው በየቤቱ አለ። ጽሑፍ ይዞ ከመቆሙ በፊት ጽሑፉን የሚመረምር ግን ጥቂት ነው፤ ደንበኛ ተመልሶ የሚመጣው እርሱ ዘንድ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ከፍዬበት ነው። በሁለተኛ ዓመቴ የአንድ ሆቴል ማስታወቂያ ተሰጠኝ። ጽሑፉ «የዋናው ክፍያ ከክፍሉ ኪራይ ጋር ተካቷል» ይላል። እኔ «ና»ን አጥብቄ አነበብኩት። ባለቤቱ ሊሉ የፈለጉት እንግዶች ተጨማሪ ሳይከፍሉ ይዋኛሉ ነበር፤ ከእኔ አፍ የወጣው ግን የዋነኛው ነገር ክፍያ ሆነ። ስህተቱ የተሰማው ሙዚቃው ገብቶ፣ ሁሉም ተቀናብሮ ካለቀ በኋላ ነው። ስቱዲዮው እንደገና ተከራየ፤ ኪራዩን ከኪሴ ከፈልኩ። ጥፋቱ የእኔ ስለነበር ቅር አላለኝም።

ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። «ገና» በዓሉ ነው ወይስ እስካሁን? «ሰፊ» ልብስ የሚሰፋው ሰው ነው ወይስ ጠባብ ያልሆነው ነገር? «ይበላል» ሲል ሰውየው ነው የሚበላው ወይስ ምግቡ? ከዚያ ቀን ወዲህ እርሳስ ሳልይዝ አንብቤ አላውቅም። በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ አኖራለሁ፤ ትንፋሽ የምወስድበት ቦታ ላይ ጭረት አደርጋለሁ፤ «ከ2-4 ሰዓት» የሚለውን «ከሁለት እስከ አራት ሰዓት» ብዬ በፊደል እጽፈዋለሁ። የሰው ወይም የቦታ ስም ከተጠራጠርኩ ደውዬ እጠይቃለሁ። ደውሎ መጠየቅ አያሳፍርም፤ የሰውን ስም አበላሽቶ ማንበብ ነው የሚያሳፍረው።

ዘገየሁ ወይ ላልሽውም መልሴ ከዚሁ አይርቅም። ደንበኞች በኮምፒውተር ያስነበቡትን አማርኛ «እንደገና አንብቢልን» ብለው ሲልኩልኝ የምሰማው ስህተት ይኸው የመጥበቅና የመላላት ነገር ነው። ማሽኑ ይሻሻል ይሆናል። አንቺ ግን ከወዲሁ ጽሑፍ የሚገባሽ አንባቢ ሁኚ።

ለሥልጠና ከመክፈልሽ በፊት ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረካቸውን ፈልገሽ አድምጪ። ድምፁን እንድትቀጂ አይደለም የምልሽ፤ እርሱን የሚያስመስል ብዙ ሰው ሰምቻለሁ፣ ሁሉም ያሳዝነኛል። የት እንደሚያርፍ፣ አንዱን ገጸ ባሕርይ ከሌላው በምን ያህል ትንሽ ለውጥ እንደሚለየው ልብ በዪ። ድራማ ወደ አማርኛ የመመለስ ሥራ ደግሞ ሌላ ችሎታ ይጠይቃል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ የውጭ ድራማን በአማርኛ ድምፅ መስማት ለምደናል፤ እዚያ ግን የሌላ ሰው ከንፈር ሲከፈት መክፈት፣ ሲዘጋ መዝጋት አለብሽ። ለጀማሪ ይከብዳል፤ ቆየት ብለሽ ሞክሪው።

ስለ ዋጋው፦ በሰከንድ አትተምኚ። የት ይተላለፋል? ለስንት ጊዜ? ጽሑፉ ከተቀየረ እንደገና የማነበው በነፃ ነው ወይ? እነዚህን ሳትጠይቂ ቁጥር አትጥሪ። አንድ ድርጅት ለ30 ሰከንድ ማስታወቂያ 1,500 ብር ከፈለኝ፤ ውል አልጻፍንም። ከሦስት ዓመት በኋላ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ሾፌሩ ሬዲዮውን ከፍ ሲያደርገው የራሴን ድምፅ ሰማሁ። ያው ማስታወቂያ ነው፤ ዋጋው ብቻ በሌላ ሰው ድምፅ ተቀይሯል። አጠገቤ የተቀመጡት እናት «ደህና ነሽ ልጄ?» አሉኝ። ስደውል «አንዴ ከፍለናል» ተባልኩ፤ የማሳየው ወረቀትም አልነበረኝም።

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኝን፣ ማለትም እንደ እኛ ሥራን በድምፁ የሚያቀርብን ሰው፣ መብት ያውቃል፤ ነገር ግን በእጅሽ ውል ከሌለ ክርክሩ ይረዝምብሻል። አንድ ገጽ ይበቃል፦ የሚተላለፍበት ቦታ፣ የጊዜው ገደብ፣ የነፃ እርማት ብዛት። ዛሬ ደግሞ አንድ መስመር ጨምሪ፦ ድምፄ ሰው ሠራሽ ድምፅ ለመሥሪያ አይውልም። ግማሹን ክፍያ ሳትቀበዪ አትቅጂ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ከላይ የተጻፈውን ሁሉ እቀበላለሁ። እኔ ሜሪላንድ ሆኜ የምሠራው ሐኪም ቤቶች ለታካሚዎች መረጃ የሚሰጡበትን ቪዲዮ በአማርኛ ማንበብ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ካወጣች በኋላ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች በአማርኛም መረጃ ያዘጋጃሉ፤ ስለዚህ አገር ቤት ሆነሽም ከትርጉም ድርጅቶች እንዲህ ያለ ሥራ ልታገኚ ትችያለሽ።

አንድ ነገር ግን አስቢበት። ቪዲዮው የተለካው በእንግሊዝኛ ነው፤ ትርጉሙ ረዝሞ ይመጣል። አዲስ ሰው ያንን ለማድረስ ይሮጣል። አትሩጪ፤ ተርጓሚው እንዲያሳጥረው ጠይቂ። እኔ «ከምግብ በፊት» በሚለውና «ከምግብ በኋላ» በሚለው መካከል ሁልጊዜ ዝም እላለሁ፤ የሚያዳምጡኝ መድኃኒታቸውን በእጃቸው የያዙ አረጋውያን ናቸውና።

የጀሞዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሥቼ፣ ቁም ሳጥኑን ከፍቼ፣ በጋቢ ተሸፍኜ በስልኬ አንድ ገጽ ቀዳሁ። ውጭው ጸጥ ብሎ ነበር። ሳዳምጠው ግን ከድምፄ ሥር «ኡኡም» የሚል ነገር አለ። ብዙ ፈለግሁ፤ ለካስ ማቀዝቀዣው ነው። አምስት ዓመት አብሬው ስኖር ሰምቼው አላውቅም። ደግሞ «አለ» የሚለውን አራት ቦታ አገኘሁ፤ ሁለቱን አላልቼ ማንበብ የነበረብኝን አጥብቄአቸዋለሁ።

የድምፅ ሠራተኛ

ማቀዝቀዣውን ስትነቅዪ የቤት ቁልፍሽን ውስጡ አስቀምጪ፤ ጠዋት ቁልፉን ስትፈልጊ መልሰሽ መሰካቱን አትረሺም። ያንኑ ገጽ ዛሬ ሌሊት በእርሳስ ምልክት አድርገሽበት ድገሚው። ሁለቱንም ቅጂ ላኪልኝና አብረን እናዳምጠዋለን።