ደሴ ውስጥ ከነውሻዬ የሚያከራየኝ ሰው የምታውቁ?

ወገኖቼ፣ ጨንቆኛል። በዚህ ወር መጨረሻ ቤት እለቃለሁ። ደላሎች ከሆጤ እስከ ሸዋበር አዙረውኛል። በዋጋ እንስማማና "ውሻ አለኝ" ስል ነገሩ እዚያው ያበቃል። አንዲት እናት ቡና አጠጥተውኝ ሲያበቁ "ልጄ፣ እኔ ሰጋጅ ነኝ፤ ልብሴን ከነካኝ ይከብደኛል" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አልተቀየምኳቸውም።

ቡቺ ግን 6 ዓመት አብራኝ ኖራለች። በጦርነቱ ጊዜ ከደሴ ስወጣ እንኳ ትቻት አልሄድኩም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷን በየዓመቱ ትወስዳለች፤ ካርዷም በእጄ ነው።

የምፈልገው የራሱ በር ያለው አንድ ክፍል ነው። ጦሳ ተራራ ሥር ዳር ላይ ያለ ግቢም ይሆነኛል። ኮምቦልቻም ቢሆን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ እመላለሳለሁ። አከራይ አሳምናችሁ የምታውቁ፣ ስለ ውሻዋ ገና በስልክ ልናገር ወይስ ቤቱን ካየሁ በኋላ?