ስለ ኔፓል የምታውቁ እርዱን

ጠያቂ፣ ከጎንደር፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ስለ ኔፓል ለክፍሏ እንድታቀርብ ታዝዛለች። ትናንት ማታ ካርታውን ወለል ላይ ዘርግታ፣ በሕንድና በቻይና መካከል የተጋደመችውን አገር በጣቷ እየተከተለች «እማዬ፣ ሰው እዚያ ብርዱን እንዴት ይችለዋል?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

አስጎብኚ፣ ከደባርቅ፦
እኅቴ፣ ሁሉም በረዶ ላይ አይኖርም። ዋና ከተማዋ ካትማንዱ የምትገኘው 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ጎንደር ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። ከእነርሱ ይልቅ እናንተ ደጋ ናችሁ! ደቡቡ ታራይ ደግሞ ሩዝ የሚበቅልበት ሞቃት ቆላ ነው። ሰሜኑ ሌላ ዓለም ነው፤ ከ8,000 ሜትር ከሚበልጡት 14 ተራሮች 8ቱ እዚያ ናቸው። እነርሱ ሳጋርማታ የሚሉት ኤቨረስት 8,849 ሜትር ነው፤ የራስ ደጀን እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። ቁጥሩን ባየሁ ቁጥር ይደንቀኛል።

ጡረተኛ የታሪክ መምህር፦
ልጄ፣ የዘመን አቆጣጠራቸው እንዳይዘለል። እኛ ከፈረንጆቹ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ነን፤ እነርሱ 56 ወይም 57 ዓመት ይቀድማሉ። አዲስ ዓመታቸው የሚብተው በእኛ ሚያዝያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1816 በእንግሊዞች ተሸንፈው ሰፊ መሬት ቢያጡም ቅኝ አልተገዙም። ዙፋኑ የቀረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ሰንደቅ ዓላማቸውን እየሳለች ነው፤ በዓለም አራት ማዕዘን ያልሆነው ብቸኛው የአገር ሰንደቅ እርሱ ነው። ቀዩ እርሳስ አልቆባት ከጎረቤት ተውሳለች።