አንድ ዝግጅት ለአራት ሚዲያ፦ ውሉ እንዴት ይጻፍ?

ፒያሳ ውስጥ ትንሽ ክፍል ተከራይተን ስለ ከተማዋ የቆዩ የእጅ ሙያዎች ሳምንታዊ ዝግጅት እንሠራለን። ወርቅ አንጥረኞች፣ ልብስ ሰፊዎች፣ ፎቶ አንሺዎች። ድምፁን ለሁለት ኤፍኤም ጣቢያዎች፣ ጽሑፉን ለአንድ ጋዜጣና ለአንድ ድረ ገጽ እንሸጣለን። ለአንድ ሚዲያ ብቻ ብንሸጠው ወጪያችንን አይሸፍንም።

ሁሉም ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እንዲያወጡት በቃል ተስማምተን ነበር። ድረ ገጹ ሐሙስ ማታ ለቀቀው። ጋዜጣው «የወጣ ነገር አልገዛም» ብሎ ክፍያውን ያዘ። አልፈርድበትም፤ ማተሚያ ቤት እያለ ነው የተቀደመው። ይባስ ብሎ አንዱ ጣቢያ ቅጂውን ለክልል ጣቢያ ሰጠ፤ እዚያ የአዘጋጆቹ ስም ተቆርጦ ተላለፈ። አምነውን ቤታቸውን የከፈቱልን አዛውንቶች ድምፅ እንዲህ ሲዞር መስማት ያማል።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪን፣ ማለትም ሥራውን የፈጠረውን ሰው፣ የኢኮኖሚና የሞራል መብት (ለምሳሌ ስሙ እንዲጠቀስ) ይጠብቃል። ይህን ጠቅሼ ለአራቱም ደብዳቤ ጻፍኩ። መልሳቸው «ውሉ አይከለክልም» የሚል ነው። እነሱ ያዘጋጁት ውል «የማሰራጨት መብት» ከማለት ውጪ ሌላ ዝርዝር የለውም። ብቸኛ መብት ለአንዱ ብሰጥ ደግሞ ሦስቱን አጣለሁ።

በዚህ ሥራ የቆያችሁ፣ የሚወጣበትን ሰዓት፣ ለሦስተኛ ወገን አለማስተላለፍንና የአዘጋጅ ስም መጥቀስን የሚያስገድደውን አንቀጽ በምን ቃላት ነው የምትጽፉት?