የዕቁብ ተራ በ800 ብር ልግዛ ወይስ ልታገስ?

ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የማጠናውም አካውንቲንግ ነው (አትሳቁ)። እናቴ በየወሩ 2,000 ብር ትልክልኛለች። የስምንተኛ ክፍል ልጅ እያስጠናሁ ደግሞ 1,500 አገኝ ነበር። በዚያ ተማምኜ ከዶርም ልጆች ጋር የአሥር ሰው ዕቁብ ገባሁ፤ በወር 1,000 ብር። እስካለፈው ወር ሰባት ዕጣ ወጥቷል፣ የእኔ ገና ነው።

ካለፈው ወር ጀምሮ ማስጠናቱ ቀረ። ዕቁቡን ከፍዬ የሚተርፈኝ 1,000 ብር ነው፤ እሱም ለኢንተርኔት ጥቅል፣ ለሃንዳውት ኮፒና ለቁርስ ሳይበቃ በ12ኛው ቀን አለቀ። ምሳና እራት ከግቢው ካፌ ስለምበላ አልራብም። ግን በስልኬ 3,000 ብር ተበደርኩ፤ እስከ ወሩ 30 ካልመለስኩ በየቀኑ ቅጣት ይጨምራል። ሱቅም 650 ብር ዱቤ አለብኝ።

ወጪዬን በደብተር መመዝገብ ሞክሬያለሁ፤ ብሩ የት እንደሄደ ከማሳየት በቀር አልጨመረልኝም። ብሬን ለጓደኛዬ በአደራ ሰጠሁት፣ እሱ ራሱ ተበደረኝ። ሌላ የማስጠናት ሥራ እየፈለግኩ ነው፣ በፈተና ሰሞን ግን አልተገኘም። ለእናቴ መንገር አልፈልግም፤ የምትልከው እንጀራ ሸጣ ነው።

አሁን የዚህ ወር ዕጣ የወጣለት ልጅ 800 ብር ከተውኩለት ተራውን ሊለቅልኝ ፈቅዷል። 9,200 ይደርሰኛል ማለት ነው፤ ቀሪዎቹን ሁለት ወራት ግን 1,000 መክፈሌ አይቀርም። እናንተ ብትሆኑ 800ውን ከስራችሁ ዕዳውን አሁን ትዘጉ ነበር ወይስ ቅጣቱን ችላችሁ ተራችሁን ትጠብቁ ነበር?