386 ላይ ያቆምኩትን ቢቢኤስ ሰው በኢንተርኔት እንዲገባበት ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ የለገጣፎዋ

ጤና ይስጥልኝ። ለገጣፎ ውስጥ አነስተኛ የኮምፒውተር ጥገና ቤት አለችኝ። ከጨረታ ዕቃ መካከል ያገኘሁትን ባለ 386 ፕሮሰሰር የድሮ ኮምፒውተር አስነሥቼ ዶስ 6.22 የሚባለውን የድሮ ስርዓተ ክወና እና ማክሲመስ የሚባለውን የቢቢኤስ ሶፍትዌር ጭኜበታለሁ። ለማታውቁት፣ ቢቢኤስ ድረ ገጽ ከመለመዱ በፊት ሰው በስልክ መስመር በሞደም እየደወለ መልእክት የሚያነብበት፣ የሚጽፍበትና ፋይል የሚለዋወጥበት ኮምፒውተር ነው። እዚያው በራሱ ኪቦርድ ስገባበት ደህና ይሠራል።

የምፈልገው ክረምት ላይ የማስተምራቸው የሰፈር ልጆች ከየቤታቸው፣ ውጭ አገር ያሉ ጓደኞቼም ካሉበት ሆነው እንዲገቡበት ነው። ልጆቹ ኮምፒውተር ማለት ስልክ ብቻ መስሏቸው እንዲያድጉ አልፈልግም። አንዲት ፊደል በሽቦ ሄዳ ሌላ ሰው ስክሪን ላይ ስትወጣ በዓይናቸው ይዩ።

ማሽኑ 4 ሜጋባይት ራምና ሁለት ሲሪያል ፖርት (ሞደም የሚሰካበት መሰኪያ) አለው፤ የኔትወርክ ካርድ የለውም። አንድ ራስፕቤሪ ፓይ (ባለ አንድ ሰሌዳ ትንሽ ኮምፒውተር) አለኝ። ራውተሩ ላይ ፖርት (ከኢንተርኔት የሚመጣ ግንኙነት የሚገባበት ባለ ቁጥር በር) ከፍቼ ፓይ ላይ ለሙከራ ያስነሣሁትን ሰርቨር ከውጭ ማንም ሊያገኘው አልቻለም። ራውተሩ የሚያሳየኝ የውጭ አድራሻ በ100.72 ይጀምራል። ከውጭ ሰው እንዴት ያስገቡታል? 386ቱንና ፓይን በምን ላገናኛቸው? በአማርኛስ መጻጻፍ ይቻላል?

መልስ፦ ቡራዩ

እህቴ፣ የመጀመሪያው መልስ እዚያው ጥያቄሽ ውስጥ አለ። ከ100.64 እስከ 100.127 ያለው አድራሻ የአንቺ ብቻ አይደለም። ኢንተርኔት አቅራቢዎች አንድን እውነተኛ አድራሻ ለብዙ ደንበኛ ሲያካፍሉ በመሐል የሚጠቀሙበት ነው፤ ለዚሁ ሥራ የተለየው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ራውተርሽ ላይ የፈለግሽውን ፖርት ብትከፍቺ ከሱ በላይ ያለው በር ዝግ ነው። ራውተሩ ላይ ጊዜሽን አታጥፊ።

መፍትሔው ግንኙነቱን ከውስጥ ወደ ውጭ ማስጀመር ነው። እውነተኛ አድራሻ ያለው ትንሽ ሰርቨር ውጭ ተከራዪ። ፓይ በኤስኤስኤች (በሁለት ኮምፒውተሮች መካከል የተመሰጠረ መስመር የሚዘረጋ ፕሮግራም) ወደዚያ ሰርቨር ይደውልና መስመሩን ይዞ ይቆያል፤ ደዋይ ወደ ሰርቨሩ ሲመጣ በዚያው መስመር ተመልሶ ቤትሽ ይገባል። አውቶኤስኤስኤች የሚባለውን ጫኚበት፣ መስመሩ በተቋረጠ ቁጥር ራሱ መልሶ ይሠራዋል። ዋየርጋርድ የሚባለው ቪፒኤንም ይሆናል፤ እኔ ኤስኤስኤችን የምመርጠው የሚስተካከለው ነገር ትንሽ ስለሆነ ነው። ለኪራዩ የዶላር ካርድ ከቸገረሽ፣ ውጭ ካሉት ጓደኞችሽ አንዱ ቤቱ ውስጥ እውነተኛ አድራሻ ካለው እዚያ ሌላ ፓይ ማስቀመጥ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ፖርት 23ን ግን አትጠቀሚ። የቴልኔት (ሩቅ ያለ ኮምፒውተር ውስጥ በጽሑፍ የሚገባበት የድሮ ዘዴ) መደበኛ ፖርት ስለሆነ በ2016 እ.ኤ.አ. የተነሣው ሚራይ የሚባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራምና የሱ ዘሮች ያለ ዕረፍት ያንኳኩታል፤ 2323ም እንደዚሁ። ከሁለቱ የራቀ ቁጥር ምረጪ።

መልስ፦ ገላን

እኔ የምመልሰው የሽቦውን ነገር ነው፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና ረዘም ላድርገው።

386ቱ ኢንተርኔት የሚባል ነገር መኖሩን ማወቅ የለበትም። እሱ የሚያውቀው ሞደም ነው። ስለዚህ ፓይ ሞደም ይሁንለት። ቲሲፒሰር የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ከኢንተርኔት ደዋይ ሲመጣ በሲሪያል ፖርቱ ላይ ልክ እንደ ሞደም "ሪንግ" ብሎ ይልካል፣ ማክሲመስም ስልክ እንደተደወለለት ቆጥሮ ያነሣል። ዶሱ ላይ ፎሲል ድራይቨር መጫንሽን አረጋግጪ፣ ኤክስ00 ወይም ቢኤንዩ። ማክሲመስ ከሲሪያል ፖርቱ ጋር የሚነጋገረው በሱ በኩል ነው።

ለፓይ ባለ 9 ፒን የዩኤስቢ ሲሪያል ኬብል ግዢ። የፓይን የራሱን ፒኖች በቀጥታ 386ቱ ላይ እንዳትሰኪ! የፓይ ፒን የሚችለው 3.3 ቮልት ነው፤ የድሮው ሲሪያል ፖርት ደግሞ ከዜሮ በላይም በታችም እስከ 12 ቮልት ይልካል። ያቃጥለዋል።

አሁን ዋናው ነገር። በሁለቱ መካከል የሚገባው ኬብል ተሻጋሪ፣ ማለትም ነል ሞደም መሆን አለበት። ገበያ ላይ የሚገኘው ርካሹ ውስጡ ሦስት ሽቦ ብቻ ነው፦ 2፣ 3 እና 5። ፊደል ያልፍበታል፣ "ሠራ" ትያለሽ፤ ነገር ግን ማክሲመስ ደዋዩ መሄዱን የሚያውቅበት ሽቦ የለውም። ያ ሽቦ 386ቱ በኩል ፒን 1 ላይ ይገባል፣ መስመር አለ ወይስ ተቋርጧል የሚለውን ይናገራል። ከሌለ ምን ይሆናል? አንድ ሰው ሳይሰናበት መስኮቱን ዘግቶ ይሄዳል፣ ቀጥሎ የደወለው እንግዳ ሰው ስምም የይለፍ ቃልም ሳይጠየቅ ቀጥታ የመጀመሪያው ሰው ገጽ ላይ ያርፋል። የግል ደብዳቤውን ያነብበታል፣ በስሙ ይጽፍበታል። ልጆች የሚገቡበት ከሆነ ይህን ሳታስተካክዪ ለማንም አትክፈቺው።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የአንደኛው ፒን 2 ወደ ሌላኛው 3፣ 3 ወደ 2፣ 7 ወደ 8፣ 8 ወደ 7፣ 5 ከ5። ከዚያ የፓይ ወገን ፒን 4 ወደ 386ቱ ፒን 1 እና 6፤ የ386ቱ ፒን 4 ደግሞ በተመሳሳይ ወደ ፓይ ወገን 1 እና 6። አንዳንድ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ኬብል ፒን 4ን እዚያው ጫፉ ላይ ከ1 እና ከ6 ጋር አጣምሮ ያስቀምጠዋል፤ እሱ ሁልጊዜ "መስመር አለ" እያለ ይዋሻል። በመልቲሜትር እያንዳንዱን ፒን ለኪ። ጭንቅላቶቹን ምናለሽ ተራ ከተበታተኑ ዕቃዎች ላይ ፈልገሽ ራስሽ ብትበይጂው የተሻለ ታምኚዋለሽ።

ፍጥነቱን ለመወሰን ዶስ ላይ ኤምኤስዲ የሚባለውን የመመርመሪያ ፕሮግራም ክፈቺና የኮም ፖርቶቹን ገጽ እዪ፤ የሲሪያሉን ቺፕ ስም ይነግርሻል። 8250 ካለ ማቆያው የአንድ ባይት ብቻ ስለሆነ በሰከንድ በ9600 ቢት ጀምሪ። 16550 ካለ 16 ባይት ስለሚያቆይ ከዚያ በላይ መሄድ ይቻላል። 9600 ቢሆንም አይክፋሽ፤ 80 በ25 የሆነው ሙሉ ገጽ በሁለት ሰከንድ ገደማ ይሞላል፣ ልጆቹም ጽሑፉ ሲመጣ ያዩታል።

መልስ፦ የኮተቤው ጡረተኛ

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይባርክሽ። ይህን ነገር ዛሬ የሚሠራ ሰው በማየቴ ደስ ብሎኛል። የመጀመሪያው ቢቢኤስ ሥራ የጀመረው በየካቲት 1978 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ ነው፤ ዋርድ ክሪስተንሰንና ራንዲ ሱስ በበረዶ ምክንያት ከቤት መውጣት ባልተቻለበት ሰሞን ጀመሩት። በ1984 እ.ኤ.አ. ቶም ጄኒንግስ ፊዶኔትን ፈጠረና ቢቢኤሶች ሌሊት ሌሊት እርስ በርስ እየተደዋወሉ ፖስታ መለዋወጥ ቻሉ። እኛም አገር ኢንተርኔት በ1997 እ.ኤ.አ. ከመግባቱ በፊት፣ እዚሁ አዲስ አበባ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ የሚባለው የልማት መረጃ ሥርዓት በዚሁ በፊዶኔት የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ያመላልስ ነበር። ለልጆቹ ይህን ንገሪያቸው፤ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም።

አንድ ምክር ልጨምር። መስመሩን አንድ አድርገሽ ተዪው። ብዙ ሰው በአንዴ ይግባ ብለሽ አታወሳስቢው፤ ለእያንዳንዱ ደዋይ በቀን የተወሰነ ደቂቃ ስጪ። መስመሩ ከተያዘ ይጠብቃል። ተራ የሚጠብቅ ሰው ሲገባ የተጻፈለትን በደንብ ያነብባል፣ አስቦም ይመልሳል።

መልስ፦ ፊደል ወዳድ፣ ሰሚት

ስለ አማርኛው፦ ይቻላል፣ ነገር ግን ወጥመድ አለበት።

ፊደላችን ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጠው ደረጃ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ማክሲመስ ደግሞ ከዚያ በፊት የተጻፈ ስለሆነ ባይት እንጂ ፊደል አያውቅም። ዩኒኮድ በባይት በሚጻፍበት በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ነው። ለምሳሌ "ሀ" 225፣ 136፣ 128 ሆኖ ይሄዳል። ደዋዩ ፑቲ የሚባለውን የመደወያ ፕሮግራም ዩቲኤፍ 8 ላይ ካደረገውና የግዕዝ ፊደል ያለበት ቅርጸ ቁምፊ ከመረጠ፣ ማክሲመስም ከ127 በላይ ያሉትን ባይቶች ሳይነካ ካሳለፈ፣ "ሀ" ሆኖ ይወጣል። 386ቱ የራሱ ስክሪን ላይ ግን ትርጉም የሌላቸው ሦስት ምልክቶች ታያለሽ፤ አትደንግጪ።

መጀመሪያ የሚያስቸግረው ማጥፊያው ቁልፍ ነው። አንዴ ሲጫኑት የሚያጠፋው አንድ ባይት ስለሆነ ፊደሉ ተሰባብሮ ይቀራል። ሦስት ጊዜ መጫን ያስፈልጋል። መስመሩም በ79 ባይት ስለሚቆረጥ ከ25 ፊደል በላይ በአንድ መስመር አትጻፉ። የሚሻለው መልእክቱን ውጭ ጽፎ እየቆረጡ መለጠፍ ነው።

ሁለተኛው የከፋ ነው፣ ተደብቆም ይመጣል። በፊዶኔት ደንብ 141 የሚባለው ባይት "ለስላሳ የመስመር መጨረሻ" ስለሆነ ብዙ የድሮ ሶፍትዌር ዝም ብሎ ይጥለዋል። ሩሲያውያን በዚህ የተነሣ አንድ ፊደላቸው እየጠፋ ለዓመታት በላቲን ተክተው ጽፈዋል። የእኛ ጉዳት ይበልጣል፦ የፀ፣ የፈ እና የፐ ቤቶች በሙሉ፣ አራት ነጥቡም ጭምር ሁለተኛ ባይታቸው 141 ነው። ልን፣ ውን እና ግን ብትወስጂ ደግሞ ሦስተኛው ባይታቸው 141 ነው። "ልጁ ውሃ ፈለገ።" ብለሽ ለጥፊና መልሰሽ አንብቢው። ሳይበላሽ ከመጣ ተገላገልሽ። ከተበላሸ፣ ፀሐይን "ጸሐይ" ብላችሁ ማለፍ ትችላላችሁ፤ ለፈ እና ለል ግን ምትክ የለም። ያኔ ፓይ ላይ 141ን ወደ ሌላ የማይሠራበት ባይት የሚቀይርና ሲመለስ የሚያስተካክል ትንሽ ፕሮግራም በመሐል ማስገባት ነው። ዩቲኤፍ 8 ፈጽሞ የማይጠቀምባቸው ባይቶች አሉ፤ 245ን ውሰጂ።

መልስ፦ ሰበታ

አጭር ነገር፦ የእናት ሰሌዳውን ባትሪ አይተሻል? 386 ላይ በብዛት ያለው በርሜል የመሰለ የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ነው፣ ሲያረጅ ይፈስና መስመሮቹን ይበላል። ቆርጠሽ አውጪው፣ የፈሰሰውን በጥቂት ኮምጣጤ ጠርገሽ በአልኮል አጽጂው። ሌላው፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማሽኑ "ኤፍ 1 ተጫን" ብሎ እንዳይቆም ባዮሱ (ማሽኑ ሲነሣ የሚከፈተው ማስተካከያ) ላይ ያንን መጠበቂያ አጥፊው፣ ማክሲመስንም ዶስ ሲነሣ በራሱ የሚሠራው አውቶኤግዜክ ፋይል ውስጥ አስገቢው። ለፓይ፣ ለራውተሩና ለ386ቱ አንድ ዩፒኤስ ይበቃል፤ ሞኒተሩን ከሱ ላይ ንቀዪው።

የለገጣፎዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ጋሼ፣ እርስዎንም በተለይ። ኬብሉን እንደተባለው በይጄ መስኮቱን ድንገት ስዘጋው ማክሲመስ ወዲያው ያቋርጣል። ቺፑ 16550 ሆኖ ተገኘ። ከውጭም ይገባል። "ልጁ ውሃ ፈለገ።" ግን ተሰባብሮ ስለመጣ የመቀየሪያውን ፕሮግራም እየጻፍኩ ነው። አሁን የቀረኝ፣ ፖርቱ ሌላ ቁጥር ሆኖም ቢሆን የሚያንኳኩ ሮቦቶች መኖራቸው ነው። አንዱ ከገባ መስመሩ አንድ ስለሆነ ልጆቹ "ተይዟል" ይባላሉ። ምን ይደረግ?

መልስ፦ ቡራዩ

386ቱ ዘንድ ሳይደርሱ ፓይ ላይ አስቀሪያቸው። በዚያው በምትጽፊው ፕሮግራም መጀመሪያ ላይ ደዋዩን "ኢስኬፕን ሁለት ጊዜ ተጫን" በዪውና ለ15 ሰከንድ ጠብቂ፤ ካልተጫነ ዝጊው፣ ከተጫነ ለቲሲፒሰር አስረክቢው። በድሮውም ዘመን ፖስታ ለማምጣት የሚደውለውን ማሽን ከሰው የሚለዩት እንዲሁ ነበር። ቴልኔት የይለፍ ቃልን ሳይሸፍን ስለሚልክ፣ ልጆቹ ሌላ ቦታ የማይጠቀሙበትን ቃል ይምረጡ። አድራሻውን ስታወጪ ፖርቱን አብረሽ ጻፊልን፣ እኔም ልደውል።