ሜዲቫል 2 ቶታል ዋር በዊንዶውስ 11፦ ፋይሉን ቀይሬ ጨዋታው ውስጥ ለውጡ የማይታየው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፣ ከቀስተኛ

ሰላም ለሁላችሁ። በ2006 የወጣውን ሜዲቫል 2 ቶታል ዋርን፣ በ2007 ከተከተለው ኪንግደምስ ከተባለው ማስፋፊያ ጋር፣ ዊንዶውስ 11 በተጫነበት አዲስ ኮምፒውተር ላይ እየተጫወትኩ ነው። ጨዋታው ያለ ችግር ይከፈታል፤ ምስሉም ድምፁም ደህና ነው። የተቸገርኩት የራሴን ሞድ (የጨዋታውን ፋይሎች በመቀየር የሚሠራ ማሻሻያ) ልሥራ ብዬ ስነሣ ነው። ሐሳቤ ትልቅ አይደለም፤ ጦር የያዙ እግረኞች ከፈረሰኛ ጋር ሲገጥሙ ከሚገባው በላይ ቶሎ ስለሚፈርሱ የመከላከል ዐቅማቸውን ከፍ ማድረግ፣ ቀጥሎም አንድ አዲስ የሠራዊት ክፍል ጨምሬ ስም ማውጣት ነው።

ከጨዋታው ጋር በመጣው አንፓከር የታሸጉትን ፋይሎች ፈታሁ፤ የሠራዊት ክፍሎች የተዘረዘሩበትን የቴክስት ፋይል ከዳታ ፎልደር ከፍቼም ቁጥሮቹን ቀየርኩና ሴቭ አደረግሁ። ፋይሉን መልሼ ስከፍተው ለውጡ በቦታው አለ። ጨዋታው ውስጥ ግን የሚታየው ያው የድሮው ቁጥር ነው። ልዩነቱ ጎልቶ እንዲታየኝ የአንዱን ክፍል የማጥቃት ዋጋ 60 ባደርገውም ምንም አልተለወጠም። በአስተዳዳሪ መብት ማስነሣትም ሆነ የዊንዶውስ ኤክስፒ ማጣጣሚያን ማብራት አልረዳኝም።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ሌሎች የሠሩትን ሞድ ይመለከታል። አንድ ትልቅ ሞድ ጭኜ በደንብ ይሠራል፤ ሆኖም ረዘም ላለ ጊዜ ከተጫወትኩ በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከውጊያ ወደ ካርታው ስመለስ፣ ያለ ምንም መልእክት ይዘጋል። ኮምፒውተሩ 16 ጊጋባይት ራም ስላለው የሜሞሪ እጥረት ነው ለማለት ይከብደኛል። ምክንያቱን የሚያውቅ ቢያስረዳኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ፣ ከካርታ ሰሪ

ለውጡ ያልታየው ፋይሉን በትክክል ስላልቀየሩት ሳይሆን ጨዋታው እርስዎ የቀየሩትን ፋይል ጨርሶ ስላላነበበው ነው። የሜዲቫል 2 መረጃዎች የመጡት ፓክ በሚባሉ ትልልቅ ፋይሎች ውስጥ ታሽገው ነው፤ ካልታዘዘ በስተቀርም ጨዋታው የሚያነበው ከእነዚሁ ፓኮች ነው። አንፓከሩ የሚያወጣልዎት ቅጂ ስለሆነ ዳታ ፎልደር ውስጥ ተዘርግፎ ቢቀመጥም ቅድሚያ የሚሰጠው ለፓኩ ነው። ይህን ቅድሚያ የሚገለብጠው በማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ፣ አይኦ በሚለው ርእስ ሥር የሚጻፈው ፋይል ፈርስት የተባለው ቅንብር ነው። ዋጋው 1 ከሆነ ጨዋታው መጀመሪያ ፎልደሩን ያያል፤ የሚፈልገውን እዚያ ሲያጣ ብቻ ወደ ፓኩ ይሄዳል።

ይህን ካወቁ በኋላ ግን ዋናውን ዳታ ፎልደር እንዳለ ይተዉት እላለሁ። ሞድስ በሚባለው ፎልደር ውስጥ የራስዎን ፎልደር ይክፈቱ፤ በውስጡ ዳታ የሚል ሌላ ፎልደር ይፍጠሩና የቀየሩትን ፋይል ብቻ፣ በዋናው ጨዋታ ውስጥ የነበረበትን የፎልደር አቀማመጥ ጠብቀው፣ እዚያ ያስቀምጡ። ከዚያም ለሞዱ የተለየ ማዋቀሪያ ፋይል ያዘጋጁ። ፊቸርስ በሚለው ርእስ ሥር የሞድዎ ፎልደር የሚገኝበትን አድራሻ፣ አይኦ በሚለው ሥር ደግሞ ከላይ ያልኩትን ቅንብር ይጻፉበት፤ በመጨረሻም ጨዋታውን በሚያስነሣው ሾርትከት ትእዛዝ መጨረሻ ላይ የ@ ምልክት አድርገው የማዋቀሪያ ፋይሉን ስም ያስከትሉ። ሞዱን መተው ሲፈልጉ በተለመደው ሾርትከት መክፈት ብቻ ይበቃል፤ ዋናው ጨዋታ እንደተሸጠ ይቆይልዎታል። ሌላ ሞድ ጎን ለጎን ቢጭኑም አንዱ የሌላውን ፋይል አያጠፋም። በዚህ ጨዋታ ሞድ መሥራት ደስ የሚለው ይህ መለያየት አስቀድሞ ታስቦበት ስለተሠራ ነው፤ በእሱ ዘመን ከወጡት የስትራቴጂ ጨዋታዎች ብዙዎቹ ይህን ዕድል አይሰጡም።

የኤክስፒ ማጣጣሚያውን ያጥፉት። ጨዋታው ያለ እሱ የሚከፈት ከሆነ የሚጨምረው ነገር የለም፤ በኋላ ሌላ ችግር ሲመጣም ምክንያቱን ያደናግራል።

መልስ፣ ከአሮጌ ዲስክ

ካርታ ሰሪ ያለው ትክክል ነው። እኔ ተመሳሳይ ምልክት የሚያሳይ ሌላ ምክንያት ልጨምር፤ ጨዋታውን ከዲስክ ጭነው ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ያስቀመጡ ሰዎች ሁሉ ሊያውቁት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ይህ ጨዋታ የወጣው ዊንዶውስ ቪስታ ለሕዝብ ከመቅረቡ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው። በኤክስፒ ዘመን አንድ ፕሮግራም በራሱ መጫኛ ፎልደር ውስጥ እንደልቡ ይጽፍ ነበር። ከቪስታ ጀምሮ ግን ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ያለ አስተዳዳሪ መብት መጻፍ ተከለከለ። የድሮ ፕሮግራሞች በዚህ ምክንያት ሥራቸውን እንዳያቆሙ ዊንዶውስ አንድ ዘዴ ዘረጋ፦ ባለ 32 ቢት የሆነና ስለሚፈልገው የመብት ደረጃ ምንም ያላስታወቀ ፕሮግራም እዚያ ሊጽፍ ሲሞክር፣ የጻፈው ነገር በተጠቃሚው አፕዳታ ፎልደር ሥር ወደሚገኝ ቨርቹዋል ስቶር ወደሚባል ቦታ በድብቅ ይዛወራል። ያው ፕሮግራም መልሶ ሲያነብ የሚያየው የተዛወረውን ቅጂ ስለሆነ ሁሉም ነገር በቦታው ያለ ይመስለዋል።

መዘዙ የሚመጣው የተለያዩ ፕሮግራሞች አንድን ፋይል በተለያየ መልክ ሲያዩት ነው። በድሮ የሞድ መሣሪያ የተቀየረ ፋይል ቨርቹዋል ስቶር ውስጥ ይቀመጣል፤ አዲስ የቴክስት ኤዲተር ግን ይህ ዘዴ ስለማይመለከተው የሚያሳየው ዋናውን ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ጨዋታውን በአስተዳዳሪ መብት ሲያስነሡት ነው፤ ማዛወሩ ለከፍተኛ መብት ስለማይሠራ ትናንት በተራ መብት ሲጫወቱ ይታይ የነበረው ለውጥ ዛሬ የጠፋ ይመስላል። ስለዚህ «በአስተዳዳሪ መብት ክፈተው» የሚለው ምክር፣ በየቦታው ቢደጋገምም፣ ሞድ ለሚሠራ ሰው ጥሩ መፍትሔ ነው አልልም። የተሻለው ጨዋታውን ከፕሮግራም ፋይልስ ውጭ፣ ለምሳሌ በሁለተኛው ድራይቭ ላይ በራሱ ፎልደር፣ መጫን ነው። ስቲም ከተባለው የኢንተርኔት ጨዋታ መሸጫ የተገዛ ከሆነ የስቲም ፎልደር ለተጠቃሚው የመጻፍ መብት ስለሚሰጥ ይህ ጣጣ አብዛኛውን ጊዜ አይደርስም።

ቀስተኛ

ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የእኔ ከስቲም የተገዛ ነው፤ ቨርቹዋል ስቶርን ፈልጌ ከፈትኩት፣ ከጨዋታው ጋር የተያያዘ ምንም ነገር የለበትም። ካርታ ሰሪ እንዳሉት የሞድ ፎልደር ከፍቼ፣ ማዋቀሪያውን ጽፌ ሳስነሣው ግን ቁጥሩ ተቀይሮ መጣ። ማጥቃቱ 60 የሆነው የእግረኛ ክፍል አንድ ሙሉ ጦር ብቻውን ደመሰሰ፤ አሁን ወደ ልከኛ ዋጋ መልሼዋለሁ።

ቀጥዬ አዲሱን የሠራዊት ክፍል ጨመርኩ። የነበረውን የጦር ያዥ እግረኛ ግቤት ኮፒ አድርጌ ስሙንና አንዳንድ ዋጋዎቹን ለወጥኩ። ከዚያ በኋላ ጨዋታው የመክፈቻው ምስል ላይ ሳለ ይዘጋል፤ የስሕተት መልእክትም አይሰጥም። ምን ላጣራ?

መልስ፣ ከካርታ ሰሪ

መልእክት አይሰጥም ማለት አይመዘግብም ማለት አይደለም። በማዋቀሪያ ፋይልዎ ውስጥ ሎግ የሚል ርእስ ይጨምሩ፤ በሥሩም መዝገቡ የሚቀመጥበትን ቦታ፣ በሞድዎ ፎልደር ውስጥ ቢሆን ይመረጣል፣ እና የዝርዝሩን ደረጃ ይጻፉ። ሲፈትሹ ትሬስ የሚለውን ደረጃ ይጠቀሙ፤ እያንዳንዱን እርምጃ ስለሚጽፍ ፋይሉ ቶሎ ይገዝፋል፣ ጨዋታውንም ያዘገያል። ፍተሻው ሲያልቅ ስሕተት ብቻ ወደሚመዘግበው ደረጃ ይመልሱት። ጨዋታው ከተዘጋ በኋላ መዝገቡን ከፍተው ከታች ወደ ላይ ያንብቡ። ብዙ ጊዜ የፋይሉን ስም፣ መስመሩንና በመስመሩ ላይ ያለውን ቦታ ጭምር ጠቅሶ የስክሪፕት ስሕተት እንዳለ ይናገራል። ይህ ጨዋታ ቴክስት ሲያነብ ምንም ዐይነት ይቅርታ አያውቅም፤ አንዲት ኮማ ብትጎድል ይቆማል።

እርስዎ እንደገለጹት ከሆነ ግን እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው የስሙን ፋይል ነው። የሠራዊት ክፍሉ ዐቅም በአንድ ፋይል፣ ተጫዋቹ የሚያየው ስምና መግለጫ ደግሞ ቴክስት በሚባለው ፎልደር ውስጥ በሌላ ፋይል ይቀመጣሉ። ለአዲሱ ክፍል በዚህኛው ፋይል ስም፣ ረጅም መግለጫና አጭር መግለጫ ካልጻፉለት ጨዋታው ይወድቃል። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ብዙ ሰው ያስቸግራሉ። አንደኛ፣ ጨዋታው የሚጠቀመው የቴክስት ፋይሉን ሳይሆን ከእሱ ያዘጋጀውን የባይነሪ ቅጂ (ኮምፒውተሩ በቀጥታ እንዲያነበው የተለወጠ ፋይል) ነው፤ ቴክስቱን ቀይረው የድሮውን ባይነሪ ካላጠፉ ለውጡ አይነበብም፣ ካጠፉት ግን ጨዋታው ሲነሣ ራሱ አዲስ ያዘጋጃል። ሁለተኛ፣ እነዚህ የስም ፋይሎች የሚቀመጡት ዩቲኤፍ 16 በተባለው ኢንኮዲንግ (ፊደላት በፋይል ውስጥ በቁጥር የሚወከሉበት ስልት) ነው። የዛሬ ኤዲተሮች በዩቲኤፍ 8 ሴቭ ማድረግ ስለሚወዱ ኢንኮዲንጉን አይተው ያስቀምጡ፤ በፋይሉ መጀመሪያ ላይ ያለችውን እንግዳ ምልክትም አይሰርዟት።

የካምፔኑን (መንግሥት እየመሩ የሚጫወቱትን ረጅም ዘመቻ) ካርታ መቀየር ሲጀምሩም ይኸው ጉዳይ በሌላ መልክ ይመጣል። ጨዋታው የክልሎቹን ምስል አንድ ጊዜ አንብቦ የተዘጋጀ የካርታ ፋይል ያስቀምጣል፤ ምስሉን ከቀየሩ በኋላ ያንን ፋይል ካላጠፉት የሚጫወቱት በድሮው ካርታ ላይ ነው። የመንግሥታት መነሻ ይዞታ የተጻፈበትን ፋይል ሲቀይሩ ደግሞ ለውጡ የሚታየው አዲስ ካምፔን ሲጀምሩ ብቻ ነው፤ የድሮው ሴቭ የራሱን ይዞ ይቀጥላል።

ለክፍልዎ የራስዎን ሞዴል ለመስጠት ካሰቡ የሞዴሎቹን ዝርዝር ፋይል በጥንቃቄ ይያዙት። በዚህ ፋይል ውስጥ ከእያንዳንዱ ስም በፊት የስሙ ፊደላት ብዛት በቁጥር ይጻፋል፤ 13 ፊደል ያለውን ስም በ14 ፊደል ተክተው ቁጥሩን 13 ብለው ከተዉት ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይዛነፋል። በፋይሉ አናት ላይ ያለው ጠቅላላ የግቤቶች ቁጥርም አብሮ መጨመር አለበት። ለጊዜው የነበረውን ሞዴል መጠቀም ይበቃዎታል። ያንን ሞዴል ለሌላ መንግሥት ሰጥተውት ወታደሮቹ በብር የተለበጡ መስለው ከታዩ ግን ለዚያ መንግሥት የልብስ ምስል አልተመዘገበላቸውም ማለት ነው።

መልስ፣ ከባለ 32 ቢት

ሁለተኛው ጥያቄ እንዳይረሳ ብዬ ነው። 16 ጊጋባይት ራም መኖሩ እዚህ ላይ አይረዳም፤ 64 ቢኖርዎትም ለውጥ የለውም። ሜዲቫል 2 ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ነው፤ እንዲህ ያለ ፕሮግራም በዊንዶውስ ላይ በተለምዶ ሊጠቀምበት የሚችለው የአድራሻ ቦታ 2 ጊጋባይት ብቻ ነው። ለዋናው ጨዋታ ይህ በቂ ነበር። ትልልቅ ሞዶች ግን የልብስ ምስሎቹን ጥራት ከፍ ያደርጋሉ፣ በየመንግሥቱም ብዙ ዐይነት ሠራዊት ይጨምራሉ። ከውጊያ ወደ ካርታው ሲመለሱ ጨዋታው ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ አውጥቶ ሌላ ስለሚያስገባ ጣሪያውን የሚነካው በዚያች ቅጽበት ነው።

መፍትሔው በፕሮግራሙ ፋይል ራስጌ ላይ ያለች አንዲት ምልክት መቀየር ነው፤ ምልክቷ ፕሮግራሙ ከ2 ጊጋባይት በላይ ያሉ አድራሻዎችን መያዝ እንደሚችል ለዊንዶውስ ታስታውቃለች። በባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ጣሪያው በዚህ ወደ 4 ጊጋባይት ይወጣል። የ4 ጊጋባይት ፓች እየተባሉ የሚጠሩት ትንንሽ መሣሪያዎች የሚሠሩት ይህንኑ ነው፤ አንዳንድ ትልልቅ ሞዶችም ከመጫኛቸው ጋር አብረው ያመጡታል። ፓች ከማድረግዎ በፊት የፕሮግራሙን ፋይል ኮፒ ያስቀምጡ። በስቲም የፋይሎችን ትክክለኛነት ማረጋገጥ የሚለውን ከተጫኑ ዋናው ፋይል ተመልሶ ስለሚተካ ፓቹን እንደገና ማድረግ ይኖርብዎታል።

ከዚህ በኋላም ከተዘጋ ዲኤክስቪኬን ይሞክሩ። ጨዋታው ምስል ለመሣል ወደ ዳይሬክትኤክስ 9 የሚልካቸውን ጥሪዎች ቩልካን ወደተባለ አዲስ የግራፊክስ ሥርዓት የሚተረጉም ፋይል ነው፤ ከጨዋታው ፕሮግራም ጎን የሚቀመጠው ግን ባለ 32 ቢት ቅጂው መሆን አለበት። ሁለት ግራፊክስ ካርድ ያለው ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ በዊንዶውስ የግራፊክስ ቅንብር ውስጥ ለጨዋታው ጠንካራውን ካርድ ይምረጡለት።

መልስ፣ ከካርታ ሰሪ

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ቀስተኛ ሞዳቸውን ማስፋታቸው ስለማይቀር ከወዲሁ ቢያውቁት ይሻላል። የሠራዊት ክፍሎች ዝርዝር ከ500 ግቤት፣ መንግሥታት ዐመፀኞችን ጨምሮ ከ31፣ የካምፔኑ ካርታ ክልሎችም ባሕሩን ሳይጨምር ከ199 ሊበልጡ አይችሉም። ጣሪያዎቹ የተጻፉት በፕሮግራሙ ውስጥ እንጂ በቴክስት ፋይሎቹ ውስጥ ስላልሆነ በመደበኛ ሞድ አይነሡም። ፕሮግራሙን ሜሞሪ ላይ እያለ የሚለውጥ የሞደሮች ሥራ አለ፤ ከእነዚህ ጣሪያዎች የተወሰኑትን ከፍ ያደርጋል፣ በሉዋ ቋንቋ ስክሪፕት መጻፍም ይፈቅዳል። ሆኖም ቦታ የሚጎድልዎት ከሆነ መጀመሪያ ማንም የማይጫወትባቸውን የቆዩ ክፍሎች ግቤት ወደ አዲስ ክፍል መለወጥን እመርጣለሁ፤ ቁጥሩ እዚያው ይቆያል፣ የሚጨመር ፕሮግራምም አያስፈልግም። ይህን ሲያደርጉ ግን አዲስ ካምፔን ይጀምሩ፤ ዝርዝሩ ሲለዋወጥ የድሮውን ሴቭ ማመን አይቻልም።